ከቀኝ ፊት ለፊት የቆመው

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1971፤ ፍኖተ ሰላም

ዘጠነኛ ቢ ዛሬ አስደሰቱኝ። ጎነ ሦስት አስሣልኳቸው... ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ብቻ አንዱ ማዕዘን ዘጠና፣ አንዱ ሠላሳ። በማስመሪያ ለኩ። ሁሉም ጋ አጭሩ ጎን የረጅሙ ግማሽ! ወልደ ገብርኤል ብድግ አለ። ከቡሬ ቅኔ ቤት ወጥቶ በሃያ ዓመቱ ከልጆች ጋር የሚማረው።

«የኔታ፣ ይኼማ ቤት ይመታል!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሴት የኔታ... አፉ ለምዶበት ነው። እኔንም ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ። በአርባ አምስት ዲግሪ አስሞከርኳቸው። ሁለቱ አጫጭሮች እኩል፣ ረጅሙ የአንዱ አንድ ነጥብ አራት እጥፍ ገደማ። «ይኼኛው ደግሞ ሌላ ቤት ነው» አለ።

ማጠቃለያውን ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ጻፍ አልኩት። ራይት አንግልን «ቀኝ» ብሎት ቁጭ! «ቀጤ ማዕዘን ነው» ልል ስል ደወል ተደወለ። በዚያ በሚያምር የቤተ ክህነት እጁ እንዲህ ብሏል፦

ከሁሉ የሚረዝመው ከቀኝ ፊት ለፊት የቆመው ነው።
ሠላሳን ፊት ለፊት የሚያይ ግማሽ ነው።

ነገ አርመዋለሁ ብዬ ሳላጠፋው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ምን ነክቶኝ ነው ያላጠፋሁት? የውይይት ክበቡ ማታ የሚሰበሰበው እዚያው ክፍል ነው። ካድሬው ጓድ ክንዱ አንብቦታል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘሩ ጠርተውኝ በሩን ዘግተው ነገሩኝ።

«ቀኝ መንገደኛን የሚያወድስ ቅኔ ነው ብሏል። የክበቡ አባላት ደግሞ ሠላሳ ናቸው... ግማሽ ሰው ተብለን ተሰደብን ነው የሚለው። እስከ ሐሙስ ጸሐፊውን አምጡ ተብለናል፣ እኅቴ።»

«ሂሳብ ነው እኮ!»

«በዚህ አገር ሂሳብም ወርቅ አለው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከጠመኔ የወጣስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

አምና ከአሥራ አንደኛ ክፍል የተወሰዱት ሁለቱ... እናቶቻቸው ዛሬም ስንቅ ይዘው ወደ ማርቆስ እስር ቤት ይመላለሳሉ። ልጆቹን ያየ ሰው ግን የለም።

ወልደ ገብርኤልን ከአጥሩ ሥር አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኔታ፣ ፈረስ ቤት ከተማ ዘመድ አለኝ። ብሄድ ይሻለኛል?»

«ከሄድክማ ጥፋተኛ ነኝ አልክ ማለት ነው። ቆይ።»

ቆይ አልኩት... ደግ አደረግሁ? እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

የአቶ ዘሩ ቢሮ እንደገባሁ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጓድ ክንዱ ጠመኔ ሰጠኝ።

«እስቲ ጻፊው።»

ጻፍኩ። ዶሮ የጫረችው ይመስላል የኔ ጽሑፍ። ሳቀ።

«ያኛው የደብተራ እጅ ነው። ሰሙን ለተማሪዎችሽ አስተምሪ። እኔም የደጋ ዳሞት ልጅ ነኝ፤ የምፈልገው ወርቁን ነው።»

ያን ጊዜ ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመው።

«ወርቁን መቼ አገኙትና! ከቀኝ ፊት ለፊት የቆመ ማለት ቀኝን የተጋፈጠ አይደለም? ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው ነው የሚለው!»

አቶ ዘሩ ጣራ ጣራ ያያሉ።

«ሠላሳውስ?» አለ ጓድ ክንዱ።

ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ወልደ ገብርኤል! ማን ና አለው?

«የሠላሳውን ክበብ ውጭ ቁሞ ፊት ለፊት የሚያይ ግማሽ ነው፤ ገብቶ የተቀመጠ ሙሉ ነው፣ ጌታዬ።»

ጓድ ክንዱ አፈጠጠበት... አፈጠጠበት... ከዚያ ጠረጴዛውን መታ።

«ይኼን የመሰለ አፍ ይዘህ ነው ጎነ ሦስት የምትለካ? ለአብዮቱ ነው የምትሆን! ነገ ቀለም ይሰጥሃል።»

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። «ተርፈናል፣ የኔታ» አለኝ። አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

የአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። «ከሁሉ የሚረዝመው ከቀኝ ፊት ለፊት የቆመው ነው!» ቃለ አጋኖ ብቻ ነው የጨመሩበት። የዘጠነኛ ቢ ሂሳብ መፈክር ሆኖ ሰው እጁን እያነሣ ይጮኸዋል።

ወልደ ገብርኤል ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባም። የመፈክር ጸሐፊ ሆኗል። ዛሬ ብሩሽ ይዞ አገኘሁት።

«እንደምን ዋሉ፣ ጓድ ሀብትነሽ።»

ጓድ... አይኑን ከመሬት አላነሣም።

«የስልሳውን ጎን ሳንለካ እኮ ቀረን» አልኩት።

ሰው ሰምቶን እንደሆነ ወደኋላው ዞር ብሎ አየ። «ሌላ ጊዜ፣ ጓድ።»

ነፍሱ ተርፋለች። ይኼ ይበቃኛል... ይበቃኛል?

ክፍል ገብቼ ስልሳውን አስለካሁ። ስልሳን የሚያየው ጎን ሁሉም ጋ የአጭሩ አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ ገደማ ወጣ። ትንሹም ትልቁም ልክ ነው። ቤት ይመታል የሚለኝ ግን አልነበረም።