ከሐሙሱ ድምፅ በኋላ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 11 ቀን

ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? የሰው አገር ብርድ ለመደህ ወይ? እኔ በቁሜ አለሁ። የእማዬ ስልክ ለምን ዝም አለ ብለህ ጽፈህልኛል፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን የሆዴን ልተንፍስ።

አምባሳደር ያደረገህ የእኔ ደብዳቤ ነው። ለአምባሳደርነት ከየዩኒቨርሲቲው ሰው ጠቁሙ ሲሉን በዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንትነቴ ማኅተም አድርጌ ስምህን ላክሁ። አዋቂ ነው፣ አገር ያስከብራል ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለውም። ግን ለክብርህ ብዬ እንዳይመስልህ! የሱሉልታን ገበሬዎች መሬት ለግቢ ማስፋፊያ እንውሰድ ባልኩ ቁጥር፣ ገበሬው ኦቦ ኦዳ ልጆቹን የት ያድርስ እያልክ ሴኔቱ ፊት የምታሸማቅቀኝ አንተ ነበርክ። አንተ ከሌለህ በአንድ ድምፅም ቢሆን አሸንፋለሁ አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

እናትህ እማዬ ውባንቺ ሹመትህን የሰሙ ዕለት ከቡራዩ በሚኒባስ መጥተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ልጄን እንዳከበርክልኝ ክበርልኝ አሉ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተም ስትሄድ እናቴን አደራ አልከኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ታመሙ። የእህትህ ልጅ ሀሴት ልደውልለት ወይ ብላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። አጎትሽ ገና የሹመት ደብዳቤውን ለአገሩ መሪ አላቀረበም፣ ሰው አገር አታስደንግጪው፣ እኔ ራሴ አሳውቀዋለሁ አልኳት። ስልክህንም የማታነሳው እኔ ስለከለከልኳት ነው። ትልቅ ሰው ብላ አመነችኝ። በሴኔቱ ወንበርህ ላይ ገና ሰው አልተተካም ነበራ! ከመጣህ ስብሰባ ትገባለህ ብዬ ፈራሁ።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ነገርከው ወይ አሉኝ። መንገድ ላይ ነው አልኳቸው። በምን አፌ እንዳልኩት እንጃ! ደስ ብሏቸው ሀሴትን አዲሱን ነጠላዬን አውጪልኝ፣ ልጄ እንዲህ ሆኜ አይየኝ አሏት።

ሐሙስ ድምፅ ተሰጠ። አሸነፍኩ። በአንድ መስሎሃል? በዘጠኝ! ያንተ ወገን ያልኳቸው ሁሉ ፈርተው እጃቸውን ለእኔ አወጡ። ብትመጣም ያው ነበር። በከንቱ ነው የከለከልኩህ፣ ወንድሜ፣ በከንቱ። ከአዳራሹ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ሀሴት አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች።

የመጽናናት አምላክ ካጠገብህ አይራቅ። ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የኤምባሲህ ጸሐፊ ቦጂያ እዚያ ያሉትን ያገራችንን ሰዎች ይዞ በማለዳ ቤትህ እንዲያደርስልህ ለምኜዋለሁ። ምነው በጠዋት ብለህ ሳትገረም አልቀረህም። አሁን ቀና ብለህ እያቸው፤ አንብበህ እስክትጨርስ እየጠበቁህ ነው።

አደራህን የበላ ወንድምህ