ሠላሳ ጉልበት የተባለው ወንበር

ሰኞ

ተገኘ! ዊልቸር! ቡኮቶ ሰፈር ያለች አንዲት ሴት የባሏ እግር ስለዳነ ወንበሩን የስልክ ቡድናችን ላይ ለጥፋዋለች። ሠላሳ ጉልበት። በሽልንግ ቢሆን ቀና ብዬም አላየው፣ ከየት አባቴ አመጣለሁ። እማዬ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ከዚህች የካምዎክያ ሰፈር ክፍላችን አልወጣችም። እስከ ዋናው መንገድ ወጥታ ሰው ማየት ነው የናፈቃት፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝ።

ቡድኑን «ወንፈል» ብለነዋል፣ እዚህ ሰው አገር ያለን አበሾች ሥራ የምንለዋወጥበት ነው። ለአንዷ አንድ ሰዓት ከሠራሁላት በስልኳ አንድ ጉልበት ትልክልኛለች፣ እኔም በሱ ከሌላ ሰው የምፈልገውን አገኛለሁ። ከገባሁ ዓመት አልፎኛል፣ ያልሠራሁት ሹሩባ የለም። ሂሳቤን ከፈትኩት። አራት። አራት ብቻ!

ማክሰኞ

የት ሄደ ብዬ ሳስብ አደርኩ። የትም አልሄደም፣ የራሴ አፍ ነው የበላው። ሠርቼ ስጨርስ «ስንት ልላክልሽ?» ይሉኛል። «ኧረ ተዪው፣ ምን አደረግኩ» እላለሁ። አገራችን እንዲህ ነዋ! እኔ እምቢ እላለሁ፣ እሷ «በሞቴ» ትላለች፣ አሁንም እምቢ፣ መጨረሻ ላይ ብሩን ኪሴ ወሽቃ ትሮጣለች። በስልክ ማን ኪሴ ይወሽቃል? «ተዪው» ስል «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ከቀይ ልብ ጋር። አለቀ።

ባለፈው ያገባችው ሙሽራ፣ ሚዜዎቿ፣ የቡድናችን ሂሩት ከነሴት ልጆቿ። ሁሉም በነጻ። ጎበዝ እኔ።

እማዬ ምን ታጉረመርሚያለሽ ስትለኝ ስለ ወንበሩ አወራኋት። ምን አስለፈለፈኝ! ወዲያው ነጠላዬን እጠቢልኝ አለች።

ረቡዕ

ቡድኑን የሚመሩት ጋሽ ተክሌ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ በዱቤም ይሆናል እኮ። ቡድኑ ላይ ጻፊና ሦስት ሰው ዋስ ይሁንሽ» አሉኝ። ሦስት ሰው ምን አላት!

«ወገኖቼ፣ ለእናቴ» ብዬ ጀመርኩ። የለማኝ መሰለኝ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እንዲሁ ስጽፍ ስደልዝ መሸ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደጃዝማችነት አልጠየቅኩም፣ ወንበር ነው።

ሐሙስ

ተወሰደ። ሂሩት ወሰደችው፣ ለአማቷ። እሷማ ሲሰጧት እሺ ብላ ትቀበላለች፣ ለምን አይሞላላት። ልናደድባት ፈለግኩ፣ ግን አማቷም መራመድ ካቆሙ ቆዩ፣ ምን ልበል? ሁሉም «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት እኔም ጻፍኩ። አበባ ሁሉ ጨመርኩበት፣ አይ እኔ።

እማዬ «ወንበሩ ቦዳ በሚሉት ሞተር ላይ ይጫናል እንዴ?» አለችኝ። እናያለን አልኳት።

ዓርብ

ጠዋት ነገርኳት። «ይሁን፣ ለተቸገረ ነው የሄደው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት ሂሩት ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ እማማ መውደቃቸውን አሁን ገና መስማቴ ነው። አማቴ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ፣ በዚያ ሰዓት ወንበሩን ላምጣላችሁ?» ልቤ ዘለለ። ጣቴ ግን ቀደመኝ፦ «ኧረ ምን ችግር አለ የኔ ቆንጆ፣ አትቸገሪ።»

ላክሁት! ምን ነካኝ? ስልኩን ይዤ «በሞቴ» እስክትል ጠበቅኩ። አንብባዋለች። «እሺ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ» ብላ መለሰች።

«ማነው?» አለች እማዬ ከአልጋዋ።

«ሂሩት ናት። ሰላም በይልኝ ብላሻለች።»

«ጥሩ ልጅ» አለች።

ነገ እደውልላታለሁ። አምጪልን ማለት ነው በቃ፣ አንድ ቃል። እዚህ ደብተሬ ላይ እንኳ ይኸው ጻፍኩት።