አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል

የካቲት 9፣ እሑድ

ብዕሩን የያዘችው የጓሮ ክፍል ተከራዬ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ያልኳትን ትጽፋለች፣ ከራሷ አትጨምርም። ሳቀች። መሳቅሽንም ጻፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብረት ቀጥቅጬ ልጅ አስተምሬያለሁ። የማፍርበት ነገር የለም።

ይህን የማስጽፈው ወሬዬ መሀል ላይ እየተቆረጠ ስላስቸገረኝ ነው። የት ላይ እንደቆመ እረሳዋለሁ። ልጄ ሩቅ አገር ናት። እሑድ እሑድ በኮምፒውተሩ እንገናኛለን። የራሷ ነበር፣ ስትሄድ ክፍሏ ውስጥ ትታልኝ ሄደች። በስልክ አይሰማኝም፤ ጆሮዬን መዶሻ በልቶታል። በኮምፒውተሩ ግን ድምፅ ማጉያው ትልቅ ነው፣ ፊቷም ይታየኛል።

ችግሩ ሣጥኑ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ይግላል፣ ይግላል... ድርግም። ዛሬም፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ...» አለች። ድርግም።

ምን ልትነግረኝ ነበር?

የካቲት 11

መላ አገኘሁለት። ልብስ ሰፊዋ የሰው ቀሚስ ልታደርስ ወጥታ ነበር። ብቻዬን ሠራሁት።

እሳትን የሚያስቆጣው አየር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወናፍ እየነፋሁ ከሰል ሳግል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ማን ያስተምረኛል? አየር ከከለከልከው ይሞታል። ሣጥኑን ዞሬ አየሁት፤ ከፊትም ከኋላም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ታዲያ ለምን አይግል! የኋላውን በጨርቅ ወተፍኩት። ከዚያ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በእጇ የሠራችውን የሱፍ አልጋ ልብስ ከልጄ አልጋ ላይ አንስቼ ዙሪያውን ጠቀለልኩት። ሕፃን መሰለ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው አሁን፣ እያስጻፍኳት ነው። ብዕሯን አቁማ አየችኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ከሰል አይደለም።»

«ማን ጠየቀሽ? ጻፊ።»

የካቲት 16፣ እሑድ

«አባዬ፣ እንዴት ሰነበት...» ድርግም።

ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም። «ደህና ነኝ» አልኩ። ለማን? የኮምፒውተሩ መስታወት ጥቁር ሆኖ የራሴን ፊት አሳየኝ። ጺሜ ምን ያህል አድጓል... ማንም አልነገረኝም።

ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ቁጭ ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 18

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ስትገባ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ልጄ በስልኳ ደውላላታለች።

«አባዬ ለምን ይዘጋብኛል? ተቆጥቶ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ቁም ነገር ላነሳ ስል ይዘጋዋል አለች። ልትነግረኝ የፈለገችውን አስቀድሜ አውቄ፣ ላለመስማት የምዘጋባት መስሏታል።

እኔ? እኔ ዘጋሁ? እኔ ሰው ካስቀየመኝ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። በሣጥን አላሳብብም!

«ታዲያ ሣጥኑ ጋለብኝ ይበሏት» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ።

«አልልም። አባቴን አንድ ቆርቆሮ አሸነፈው ትበል?»

«ቆርቆሮ አልጋ ልብስ አይለብስም፣ አባባ።»

ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል። ግን ሌላም ነገር ይዛ ነበር፤ ቀስ ብላ አወጣችው። ልጄ፣ በመጪው እሑድም ከዘጋብኝ እጽፍለታለሁ ብላለች። በጽሑፍ! ለእኔ? የልጄን ነገር በሰው አፍ ልሰማ? አንቺም ብትሆኚ... ክፉ አይደለሽም፤ ግን ልጄ ለእኔ የምትለውን በአንቺ ድምፅ መስማት አልፈልግም።

ይህንም ጻፊው። እውነት ነው።

የካቲት 20

ልብስ ሰፊዋ ሳታማክረኝ የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራችው። ካቻቪቴ ነው የሚሉት፤ ካቻቪቴ ከጆሮው ጀርባ ሰክቶ ይሄዳል፣ አናጢ እርሳስ እንደሚሰካው። ገና ሲገባ ሣጥኑን አይቶ ቆመ።

«ፋዘር፣ ጉንፋን ይዞት ነው?»

«ፋዘር አትበለኝ። አንተን አልወለድኩም።»

አልጋ ልብሱን ገፈፈ፣ ጨርቁን መዘዘ፣ የጎኑን ክዳን ፈታ። ውስጡ አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። አየሩን የሚያንቀሳቅሱት ፋኖች ሁለት ናቸው፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የፊቱ እያቃሰተ ይዞራል፤ የኋላው ሞቷል።

«አየር እሳትን ያፋፍማል እንጂ ያበርዳል?» አልኩት።

«እዚህ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም፣ አባቴ። የሚግለው ብረቱ ነው። አጠገቡ ያለው አየር ይሞቅና እዚያው ይታፈናል። እሱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው።»

 ብረት ሲል ገባኝ፤ የጋለ ብረት ከምድጃው አውጥቼ ነፋስ ላይ ሳቆመው ይቀዘቅዝ የለም? ለእሱ ግን ገባኝ አላልኩትም።

አቧራውን ጠራርጎ፣ ሁለት አዲስ ፋን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላ ሰው ጋ ቸኩሏል። «ቅዳሜ መጥቼ አስራቸዋለሁ። እንዳይነኳቸው።»

እንዳይነኳቸው አለኝ። እኔን!

የካቲት 21

ነካኋቸው።

አራት አራት ብሎን ነው፤ ይህም ሥራ ሆኖ ቅዳሜ ድረስ ይጠበቃል? ሽቦዋም ከራሷ ቀዳዳ በቀር ሌላ ውስጥ አትገባም። አሮጌዎቹን ፈትቼ አዲሶቹን አሰርኩ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብሎን ሲይዝ ግን ተወው። ሥራ ካገኘ ይተወዋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሥራ ያገኘው? ብረት የምቀጠቅጥበት የጓሮው መስፍ ላይ አሁን ዶሮ ነው የሚቆመው...

አሳሰሬ ይህ ነው፤ ካቻቪቴ ቀዝቃዛ ይግባ ካለ፣ ለምን በአንድ በር ብቻ? ሁለቱንም ወደ ውስጥ እንዲነፉ አድርጌ አዞርኳቸው። ከፊትም ይግባ፣ ከኋላም ይግባ። የጎኑን ክዳን መልሼ ገጥሜ፣ አብርቼ ጠበቅኩ።

ጋለ። እጄን በላይኛው ቆርቆሮ ላይ ማቆየት አቃተኝ።

ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት። አየችውና ከኪሷ ቀይ ክር አውጥታ ሁለት ቦታ በጠሰች። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ይዛ አስጠጋች። ሁለቱም ወደ ሣጥኑ ተሳቡ።

«ከዚህም ይገባል፣ ከዚያም ይገባል» አለች። «በየት ይወጣል፣ አባባ?»

ይህን እንዳልሺኝ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

የኋላውን መልሼ ፈታሁ። ሳገላብጠው ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት ታየችኝ። ቀስት ናት። አየሩ የሚሄደው ወዲያ ነው ትላለች። ፊደል ስላይደለች እኔም አነበብኳት። ቀስቷን ወደ ውጭ አድርጌ አሰርኩት። ክሯን ሰጠችኝ፣ ራሴ ያዝኩት። ከፊት ስይዘው ወደ ውስጥ ተሳበ። ከኋላ ስይዘው ወደ ውጭ ተንሳፈፈ፣ ሙቀቱም እጄ ላይ መጣ። ሰው እጅ ላይ ሲተነፍስ እንደዚያ ነው...

ብዙ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። ልብስ ሰፊዋ ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች።

የካቲት 22

ካቻቪቴ መጣ። አየ። «ማን ሠራው?» አለ።

«እኔ።»

«እንዳይነኩ አላልኩም?»

«ብለሃል።»

አንዱን ብሎን ብቻ አጠበቀ፣ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች ከአየሩ መንገድ ላይ ሰብስቦ አሰረ፣ ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረገው። ከኋላው ግድግዳ ካለ የወጣው ሙቀት መልሶ ይገባል አለ። ከዚያ ዙሪያውን አየና፣ «ክፍሉም ያው ነው። መስኮቱን ክፈቱት፤ ሣጥኑ የተፋውን መልሶ እየጠጣ ነው» አለኝ።

ያ መስኮት ልጄ ከሄደች ወዲህ አልተከፈተም። እንደተወችው ነው ያኖርኩት፤ መጋረጃው፣ አልጋው፣ ሽታው። ስትመለስ ልክ እንደነበረ እንድታገኘው።

«አይከፈትም» አልኩት።

«ታዲያ እኔን አይውቀሱኝ» ብሎ ሄደ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ጠዋት ከፈትኩት። መዝጊያው ዝጎ እምቢ ብሎ ነበር፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ተከፈተ። የመንገዱ ጫጫታ ገባ። የልጆች ኳስ፣ ዕቃ የጫነ ጋሪ... ሽታው ወዲያው ነው የሄደው። እንዲያ ቶሎ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ደወለች። «አባዬ!» አለች። ጠብቃ ጠብቃ፣ «ዛሬ እንዳትዘጋብኝ» አለች።

«እኔ ዘግቼ አላውቅም። ሣጥኑ ነው የሚግለው። በጨርቅ ወትፌው ነበር።»

ይህን ተናገርኩ። ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ሊመጣ ነው አልኩ በሆዴ። መጣ።

አትመለስም። ሥራዋ እዚያው ጸንቷል፣ ቤትም ይዛለች። ለዕረፍት እመጣለሁ አለች፤ ለመኖር ግን አልመጣም አለች። «ካሁን አሁን ልንገርህ ስል...»

ሣጥኑን አየሁት። በል ድርግም በል አልኩት በልቤ። ስንቱን እሑድ ያለ ጥሪ ድርግም ስትል፣ ዛሬ ምነው! እጄን ላዩ ላይ አደረግኩ። ቀዝቃዛ ነው። ቀስ ብሎ እያዜመ ይዞራል። የሣጥኑን መዝጊያ ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ እጄ አጠገቡ ነበር።

«አባዬ? አለህ?»

እጄን ከቁልፉ አነሳሁ። «አለሁ» አልኩ።

ሌላ ምን ይባላል? ደግ አደረግሽ አላልኩም፤ ውሸት አልናገርም። «ለምን?»ም አላልኩም። እሷም ምን ትላለህ ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ፣ «ምሳ ልሠራ ነው፤ አትዝጋው፣ እንዲሁ ይሁን» አለችኝ። እኔም አልዘጋሁት። ሽንኩርት ስትከትፍ ተሰማኝ። ውሃ ከፈተች፣ ዘጋች። አንድ ዕቃ ወደቀባትና ለራሷ አንጎራጎረች፤ እናቷ ነበረች እንደዚያ የምታደርገው። ስትሄድ ጀርባዋ ይታየኛል፣ ስትመጣ ፊቷ። አልተነጋገርንም። በፊት ሳይቆረጥ ልቅደም እያልኩ እጮህ ነበር እንጂ እንደዚህ ዝም ብለን ቆይተን አናውቅም።

በልታ ስትጨርስ፣ «ደህና ዋል፣ አባዬ» ብላ ራሷ ዘጋችው።

አልጋ ልብሱን አልጋዋ ላይ መለስኩት። መስኮቱን ልዘጋ ሄጄ ተውኩት።

በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ጮክ በይ፣ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። «አለሁ» ያልኩትን ጽፈሽዋል? እሱ ጋ ስትደርሺ ቆም በይ። እሱን እኔ ራሴ ልበለው።