እትዬ አይሹትና ያልተዘጋችው የዓይን ክፍል

ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ አይሹት" እያለ የሚጠራቸው የዓይን ነርስ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ልብስ እያጠቡ ቤቱን ከሚደጉሙ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከወንድሞቻቸው መካከል ብቸኛዋ ሴት ስለነበሩ ከአባታቸው የስፌት መኪና ሥር ሳይርቁ አደጉ።

ትምህርት ቤት በገቡ ሰሞን የአባታቸው ዓይን ይፈዝ ጀመር። እትዬ ጠዋት ጠዋት ለቀኑ የሚበቃ መርፌ ላይ ክር አስገብተውላቸው ይሄዱ ነበር። እያደር አባት ቀለም መለየት ተሳናቸው። የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር ጥቁር፣ ሌላውን ቡኒ አድርገው ሰፍተው ከተሳቀባቸው ወዲህ መኪናውን ሸፈኑት። ቤተሰቡም እርጅና ነው ብሎ ተቀበለው፤ አባት ብርሃን ሳያዩ አረፉ።

እትዬ የነርስነት ትምህርት ቤት ገብተው መምህራቸው ስለ ዓይን ሞራ ሲያስረዱ፣ የአባታቸው ሕመም በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን እንደነበር ተረዱ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚያ በኋላ ከዓይን ሕክምና ሌላ ሥራ አልፈለጉም።

ተመርቀው ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመለሱ፤ የአውቶቡስ ሹፌር አግብተውም ሦስት ልጆች አፈሩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ አማታቸው አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። አማት ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ስለተጋረደ ምራታቸውን በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቋቸውም ነበር።

እትዬ የጤና ጣቢያውን አሮጌ ዕቃ ቤት ለምነው ወሰዱ። ግድግዳውን በኖራ ቀቡ፣ አልጋ አስገቡ፣ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ የዓይን ሐኪም አገኙ። በደስታ ብዛትም በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል "የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በነጻ" ብለው አስጻፉ። ጉድ ያመጣው ይኸው ጽሑፍ ነበር።

"በነጻማ ከሆነ ሊለማመዱብን ነው" ተባለ። "ዓይናችንን አውጥተው ለሀብታም ሊሸጡት ነው" ያሉም አልጠፉም። ሐኪሙ እየመጡ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ ጀመር። በመጨረሻም፣ "እህቴ፣ በሚመጣው ወር ሰው ከሌለ ወደ ሌላ ከተማ ይመድቡኛል፤ ክፍሏም ትዘጋለች" አሏቸው።

እትዬ ቤት ገብተው ዝም ሲሉ አማታቸው ነቁባቸው። "ምነው ልጄ፣ ዛሬ ድምፅሽ የት ገባ?" ነገሩን ሲሰሙም፣ "ታዲያ እኔን ውሰጂኛ! ሰው ፍለጋ አገር ታዞሪያለሽ?" አሉ። እትዬ ይህን ለመጠየቅ ፈርተው ኖረዋል፤ ባይሳካ ክፍሏም ትዳራቸውም መናጋቱ ነው። ሁሌ ክፉ ክፉው የሚታያት ትልቋ ልጃቸው፣ "እማማ፣ ቢብስብዎትስ?" ብትል፣ "ከዚህ ወዲያ ምን ሊብስ? ጨለማውን ሊያጠቁሩት ነው?" ብለው አሳቋት።

ሐኪሙ በወሩ ሲመጡ አማት ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ትልቋ ልጅ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አማት ምራታቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩና፣ "አንቺ ነሽ እንዴ? በድምፅሽ እኮ ግዙፍ መስለሽኝ ነበር!" አሉ። ሐኪሙ ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ ግን ለበሽተኛ ሁሉ "አይሹት! አይሹት!" ሲሉ የኖሩትን ረስተው፣ ዓይናቸውን እያሹ አለቀሱ።

አማት ሲወጡ የበሩን ጽሑፍ አስነበቡ። "በነጻ የምትለዋን አጥፏት። እኔ ሽንኩርት በነጻ ባድል የበሰበሰ ነው ብሎ ጥሎኝ የሚሄድ ገበያተኛ ነው ያለው!" በምትኩ "እንደ አቅም ይከፈላል" ተብሎ ተጻፈ። አማትም ገበያ ውለው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በልብሱ ቀለም እየጠሩ አስደነገጡት። ወር ሳይሞላ ሰዉ ተሰለፈ። ያለው ሳንቲም፣ የሌለው እንቁላል ይዞ መጣ፤ ግቢ ጠርጎ የሄደም ነበር። ሐኪሙም ሻይ የሚጠጡበት ጊዜ አጡ።

ሕክምናው ያልሰመረላቸውም ነበሩ። እትዬ የእነሱን ቤት እስከ መጨረሻው እየሄዱ ይጠይቁ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ያሠለጠኗቸውን ነርሶች ለማየት ጎራ ሳይሉ አይውሉም ነበር።

በልብ ድካም አልጋ ከያዙ በኋላ ስለ መድኃኒታቸው ሳይሆን ክፍሏ መከፈቷን ይጠይቁ ነበር። "እኔ ስሞት እንዳትዘጓት። ፋሻ ታስሮለት ያደረ ሰው በእኔ ቀብር ምክንያት በጨለማ እንዳይውል" ብለው ልጆቻቸውን ቃል አስገቡ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ነርሶቹ ሥራ ላይ እያሉ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ እንዲሁም የልጅ ልጆች ትተውልናል።

የረቡዕ ቀብራቸው ከጠዋት ወደ ከሰዓት የተዛወረው ስለ ቃላቸው ነው፤ ማክሰኞ ታክመው ያደሩ ሰዎች ጠዋት ፋሻቸው ይፈታላቸዋል። ይህ ጽሑፍ ሲነበብ፣ ሁሉም በደህና ከሆነ፣ ከእነሱ ጥቂቶቹ እዚህ ቆመው የእትዬን ፎቶግራፍ በገዛ ዓይናቸው እያዩ ይሆናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን በማይጎድልበት ቤት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።