ከመረብ ጎታቿ የተረፈው መስመር

ውድ መምህር ኩሳካቤ፣

በአዲስ ዓመት ካርዴ ላይ «ያን ቀን ሲመጡ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ይቅርታ» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ስብሰባ አልነበረም። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽገው የሺዮሚ ፋብሪካ «አርማችንን አቅልዪልን» ያለኝ አምና በመጋቢት ነው። አርማው የማን የእጅ ሥራ እንደሆነ እያወቅሁ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ በሃያ ስድስት ዓመትዎ የሣሏት፣ ልጇን አዝላ መረብ የምትጎትተው ሴት ናት። ያኔ የመረቡ ቋጠሮ ሳይቀር ይቆጠር ነበር። ልጁን ከጀርባዋ ያወረዱት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ አጫውተውኛል። «ቴሌቪዥን ላይ ጉብታ ይመስላል አሉኝ፣ አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ለምን እንደጎበጠች የሚያውቅ የለም» ብለው ሲስቁ አብሬዎ ስቄያለሁ። ከእርስዎ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች መጀመሪያ መረቡን፣ ቀጥሎ ፊቷን ወሰዱ። ለእኔ የደረሰኝ ጀርባዋና ማዕበሉ ብቻ ነበር። ሁለቱን አንድ መስመር አደረግኋቸው፣ ከሥሩም አንድ ዓሣ አስቀመጥኩ። ስልክ ላይ ጥፍር አክሎ ቢታይም ይለያል አልኩ።

የከተማችን ጋዜጣ ረቂቁን ባወጣ በሦስተኛው ቀን፣ የመሥሪያ ቤታችን እንግዳ ተቀባይ ደወለችልኝ።

«አንድ ሽማግሌ መጥተዋል። መምህሯ ነኝ ነው የሚሉት፣ ኩሳካቤ ይባላሉ።»

ክው አልኩ። ሴትዮዋን ለምን አጠፋሻት ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። እውነቱ ግን ከዚህም የከፋ ነው። ያን የተላላጠ ቦርሳዎን ይዘው ባልደረቦቼ መሀል ሲገቡ ታየኝና አፈርኩብዎ።

«የለችም በያቸው» አልኳት።

«እዚሁ ፊቴ ቆመዋል እኮ፣ ድምፅሽ ይሰማል» አለች በሹክሹክታ።

ስልኩን ዘጋሁት። በመስኮት ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ አየሁዎ። ዝናብ ነበር።

ፖስታ ትተውልኝ ሄደዋል። ድምፄን ከሰሙ በኋላ ነው የተዉት። ውስጡ ከጋዜጣ የተቆረጠው ረቂቄ ነበር፤ ዳሩ ላይ በቀይ እርሳስ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጥሩ ነው፣ ከእኔ ይሻላል። ቆርቆሮ ላይ ግን ቀለም ይሰፋል። በማዕበሉና በዓሣው መሀል ግማሽ ሚሊሜትር ክፈቺ፣ አለዚያ ተጣብቀው እድፍ ይመስላሉ።»

ወቀሳ ነበር የጠበቅሁት። ወቀሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ግማሽ ሚሊሜትሩን ከፈትኩት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኦዋዳ የሙከራ ክዳኖቹን እያገላበጠ፣ «የቀድሞዎቹ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አለኝ።

«ልምድ ነው» አልኩት። በጥቅምት ለአርማው ሲሸልሙኝ መድረክ ላይ ቆሜ ያንኑ ደገምኩት። ሰው አጨበጨበ።

እንዲሁ ዝም ብዬ እኖር ይሆን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅዎ ቺዙሩ ደወለችልኝ። ከየካቲት ወዲህ ዓይንዎ ማየት እንዳቆመ ነገረችኝ። የሺዮሚን ቆርቆሮ ገዝታ እንድትመጣ እንዳዘዟት፣ ክዳኑ ላይ ከፍ ብሎ የታተመውን አርማ በአውራ ጣትዎ እየዳበሱ ረጅም ጊዜ እንደቆዩም ነገረችኝ።

«‹ከፍታዋለች› አለ። ምኑን ነው የከፈትሽው? ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ እኮ። ጎረቤቱን ሁሉ ‹ተማሪዬ ሰምታኛለች› እያለ አሰለቸ» አለችኝ።

«የሥራ ነገር ነው» ብዬ እሷንም ሸሸኋት።

ትናንት ኦዋዳ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት።

«አሁን ይሄን ማውጣት ለማን ይበጃል?» አለኝ።

«ለእኔ» አልኩት። ሽልማቱን መልሼ፣ ስምዎ እንዲጻፍበት ለሰጪዎቹ ደብዳቤ ልኬያለሁ። መልሳቸውን አላውቅም።

ይህን የምታነብልዎ ቺዙሩ መሆኗን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ለመጻፍ ስድስት ቀን የፈጀብኝ። ቺዙሩ፣ እዚህ ስትደርሺ ለእኔ ብለሽ ድምፅሽን አትቀንሺ፤ የዘለልሽው ካለም ተመልሰሽ አንብቢላቸው።

መምህር፣ እሑድ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ግቢ ካላሉኝ በሩ ላይ ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። በሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ።

ያፈረችብዎና በራሷ ያፈረችው ተማሪዎ፣
ሪትሱኮ