ባዶው 17 ቁጥር

ሰኔ 12
አርባ ሴንሰር መጣ፣ በሁለት ካርቶን። እያንዳንዱ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ነጭ ሳጥን ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የክፍሉን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ሰው የተነፈሰውን አየር ሳይቀር ይለካል። የለካውን በኔትወርክ ዋናው በር ጋ ወዳለው ትልቅ ስክሪን ይልካል። ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋልኩ። የሕንጻው የጥገና ሠራተኛ እኔው ብቻ፣ መሰላሉን ማን ይያዝልኝ?

17 ቁጥርን ቤዝመንት መዝገብ ቤት ሰቀልኩት። ባለቤቴ የምትሠራው እዚያ ነው። ግድግዳው ውሃ ማስገባት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ። ማመልከቻ ጽፋ ጽፋ ሰለቻት፤ መልሱ ሁሌም "ማስረጃ የለም" ነው። ሳሏ ማስረጃ አይደለም አሉ። ስሰቅል ከታች ቆማ ታየኛለች።

"ይሄ ይመሰክርልኛል?"

"ይመሰክራል እንጂ! ማሽን አያዳላም።"

እንዴት ደስ አላት...

ሰኔ 13
17 ቁጥር ቀይ። ገና በተሰቀለ በማግስቱ። ጎበዝ!

ሰኔ 16
ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። (ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። ደብተሬ ላይ ግን ማን ያስገድደኛል?) ስክሪኑን በስልኩም ያየዋል።

"ዘጠኝ ቀይ አለ። አጥፋልኝ።"

"የቤዝመንቱ ግድግዳ ውሃ ያስገባል፣ እሱ ካልተጠገነ..."

"ስለ ግድግዳ መች ጠየቅኩህ? እኔ የጠየቅኩህ ስለ ቀዩ ነው።"

የስብሰባ አዳራሹም ቀይ ነው። ሰው ሲበዛ ትንፋሽ ይበዛላ። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "በስብሰባ ወቅት ከአራት ሰው በላይ መተንፈስ በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ጸሐፊዋን "የሚተነፍሱትን አራቱን ማን ይመርጣል?" አልኳት። "ኮሚቴ ተቋቁሟል" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም።

ሰኔ 20
ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ድሮ የወረቀት ማስቀመጫ ነበረች። ፀሐይ ትገባታለች፣ ደረቅ ናት፣ ሰው አይደርስባትም። አንዱን ሴንሰር ለሙከራ ወስጄ ባስቀምጠው አረንጓዴ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት... ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"እንግዲያው ሁሉንም ውሰዳቸው።"

"ሁሉንም? ታዲያ ክፍሎቹስ?"

"ክፍሎቹ የት ይሄዳሉ?"

የአርባዎቹንም ሆድ ዕቃ እያወጣሁ እዚያ መደርደሪያ ላይ እንደ እንቁላል ደረደርኩት። ሰው እንዳይጠይቅ ባዶ ሳጥኖቹን በየግድግዳቸው ተውኳቸው። ስክሪኑ ላይ ስማቸው እንደነበረ ነው፤ "መዝገብ ቤት" የሚለው አረንጓዴ በራ። የ17 ቁጥርን ሆድ ያወጣሁት ባለቤቴ ለምሳ እስክትወጣ ጠብቄ ነው። ለምን ጠበቅኩ? መልሱን አውቀዋለሁ፣ አልጽፈውም።

ሰኔ 24
"ዛሬም ነገርኩት" አለችኝ ባለቤቴ።

"ለማን?"

"ለ17 ቁጥር ነዋ!"

ጠዋት ጠዋት በመሐረቧ አቧራውን ትጠርግለታለች። ከዚያ ፊቱ ቆማ ትስልለታለች፣ እንዲመዘግብላት። ትናንት ሦስቴ፣ ዛሬ አምስቴ። "ዝም ብሎ መሳል ነውር መሰለኝና ደህና አደርክ ማለት ጀመርኩ" ብላ ሳቀች። ስክሪኑን አላየችውም። የመዝገብ ቤት ሰዎች የሚገቡት በጓሮ በር ነው። ተመስገን... በዚህስ ተመስገን ይባላል?

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ጥሩ ነው፣ ይመዘግባል" አልኳት።

ሐምሌ 2
ዝናቡ በረታ። ለሴንሰሮቹ ክፍል ማሞቂያ ገባ። ምንጣፍም። በሩ ላይ "ጥሩ አየር ስላለ ሰው መግባት ክልክል ነው" ተብሎ ተጽፏል። የጽዳት ሠራተኛዋ ትንፋሿን ይዛ ትገባለች፣ ትወለውላለች፣ ሲያልቅባት ወጥታ ተንፍሳ ትመለሳለች። ክፍሏን ለመጨረስ ስድስት ትንፋሽ ይፈጅባታል።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል። መሰላል ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ባልዲ፣ አንድ እጁ ላይ ጃንጥላ፣ አንድ እጁ ላይ ስልክ። ስልኩን አሳየኝ።

"እርጥበት አርባ አምስት በመቶ ይላል። ክፍሉ ደረቅ ነው። መሰላልህን ይዘህ ውጣልኝ።"

ወጣሁ።

ሐምሌ 8
ሳሏ ደረቷ ውስጥ ገባ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ "ከዚያ ክፍል መውጣት አለብሽ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም" አላት።

"ጥቂት ልታገሥ ዶክተር። ምስክር አግኝቻለሁ።"

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 9
አልነገርኳትም።

ሐምሌ 11
ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። "ምርጥ አየር ያለው ሕንጻ" ተብለን ልንሸለም ነው። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን እያጠና ነው። ወረቀቱ ርሶበት ሁለቴ በአዲስ ወረቀት ገለበጠው።

ሐምሌ 13
ቤት ስገባ የ17 ቁጥር ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከጎኑ።

"ባትሪው እንዳያልቅበት ብዬ ልቀይርለት ከፈትኩት። ሆዱ የታለ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ሦስተኛ ፎቁን፣ መደርደሪያውን፣ ለምሳ እስክትወጣ መጠበቄን። ብትጮህብኝ በተሻለኝ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ለባዶ ዕቃ ነው የሳልኩት?"

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

"ደህና አደርክ እያልኩት..." አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አፈርኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሐምሌ 14
አታናግረኝም። የምታናግረው ሳጥኑን ነው። "ምግብ ቀርቧል በለው።" "መስኮቱን ይዝጋ በለው።" ሳጥኑ ዝም። እኔ እታዘዛለሁ።

ሐምሌ 16
ጉድ ፈላ!

እንግዶቹ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ባለቤቴ ወንበሯንና ሁለት የሻገቱ መዝገቦች ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የሴንሰሮቹን ክፍል ከፍታ ገባች። 17 ቁጥርን ከመደርደሪያው አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። መዝገቧን ገልጣ ሥራ ጀመረች። ሳለችም።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። "ሴትዮ፣ አየሩን እያበላሸሽብን ነው!"

"17 ቁጥር የመጣው ለኔ ክፍል ነው አይደል? እንግዲህ እሱ ያለበት የኔ ክፍል ነው።"

እንዲያስወጣት ዘበኛውን ላከ፤ ዘበኛው ገባ። ጸሐፊዋ ልትለምናት ገባች። የሚተነፍሱትን የሚመርጠው ኮሚቴ አምስት ሆኖ ገባ። እሷን ለማስወጣት ሰው በገባ ቁጥር ትንፋሹ ይበዛል፣ ትንፋሹ በበዛ ቁጥር ስክሪኑ ይቀላል። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ሆኖ "አትተንፍሱ!" እያለ ይጮሃል፤ ከሁሉ በላይ የሚተነፍሰው እሱ ነው። አርባውም ቀይ ሆኑ። በስክሪኑ መሠረት ሕንጻው በሙሉ ታፍኗል፣ ማንም የሌለበት መጸዳጃ ቤት ሳይቀር።

ስወርድ እንግዶቹ ደርሰው ዋናው በር ጋ ስክሪኑን ቆመው ያያሉ። መሪያቸው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ኢንጂነር ናት።

"ከሁሉ የባሰው የቱ ነው?" አለችኝ።

አነበብኩላት። መዝገብ ቤት። የሚሳልበት እሱ ነዋ!

"እንውረድ።"

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየዘለለ ደረሰባት። "የማሽኑ ስህተት ነው እኮ..."

"ማሽን አያዳላም" አለችው። የኔው ቃል።

ወረድን። ውሃው በግድግዳው ቁልቁል ይወርዳል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት መዝገቦች ሻጋታ ፀጉር አብቅለዋል፣ አረንጓዴ። ስንፈልገው የከረምነው አረንጓዴ እዚህ ነበር ለካ። ኢንጂነሯ ግድግዳው ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ አየች።

"እዚህ የነበረውን ሴንሰር ማን ወሰደው?"

"ባለሙያው ያውቃል" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ባለቤቴም ተከትላን ወርዳ በሩ ጋ ቆማለች፣ 17 ቁጥርን እንደያዘች። "አላውቅም" ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሚስቴ ለምሳ እስክትወጣ ጠብቄ።"

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ሐምሌ 21
ባለቤቴ ከነመዝገቦቿ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ጠባቧ ክፍል አልበቃ ስላለች የስብሰባ አዳራሹም ተሰጣት። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት አጥቶ ፈረሰ። ሴንሰሮቹን በየቦታቸው መለስኳቸው። ሥራ አስኪያጁ "እኔ እኮ ይሄ ግድግዳ ድሮም ያሳስበኝ ነበር" እያለ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ግድግዳው ተጠግኖ እስኪያልቅ ጠረጴዛዬ ቤዝመንት ነው። አልተከራከርኩም፣ ይገባኛል። 17 ቁጥር በአዲስ ሳጥን ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ስገባ ደህና አደርክ እለዋለሁ።

ቤት ግን ባዶው ሳጥን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። "ጫማውን ጠርጎ ይግባ በለው።"

ነሐሴ 6
17 ቁጥር ዛሬም ቀይ። ግን የራሱ ቀይ ነው፣ ማንም አይነካውም። ግንበኞቹ ግድግዳውን እየፈለፈሉ ነው።

ባለቤቴ ከተነሣች ጀምሮ አንዴም አልሳለችም። ቆጥሬያለሁ፤ ዜሮ ይቆጠራል? ቁርስ በልተን ሳጥኑን አነሣችው። ምን ልትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ይዛው ወደ መታጠቢያው ሄደች፣ አለቀለቀችው፣ ሳሙናውን አስቀመጠችበት። ልክ ሆነ።

ከዚያ እጇን እያደራረቀች መጣች።

"ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህ ና። አልቋል።"

ጠረጴዛውን አየሁ። ባዶ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። ሌላ ሰው የለም። ለኔ ነው።