ኒል ጠርጎ የጠበቀን ደረጃ

ለክቡር አቶ ስተርሊንግ ፎርሳይት
የአውራጃው የአምቡላንስ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በሞቀ ቢሮ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ጤናዎን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በእኛ አውራጃ በዚህ ክረምት መታመም ለማንም የሚመከር አይደለምና።

ኦዴት ላንድሪ እባላለሁ፤ የፔቲ ሃቭር መንደር ባላት አንዲት አምቡላንስ ላይ እሠራለሁ። ኒል ማክኢንታየር፣ ወገቡ ከድቶት ሥራውን እስኪተው ድረስ፣ የሥራ ጓደኛዬ ነበር። ባለፈው ወር ቀበርነው። የላኩት አበባ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።

አንደኛ፣ ስለ ቃሬዛው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በሞተር የሚነሳው ቃሬዛ «በሚቀጥለው ዓመት» እንደሚገዛልን በየዓመቱ ቃል እየገቡ ተስፋ ማድረግን አስተምረውናል። እኛም እስከዚያው ሰውን ሁሉ በረዶ በያዘ ደረጃ በክንዳችን ስናወርድ የኒል ወገብ ተቀጨ። በሠራተኞች ምስጋና ሳምንት ስሙ የተጻፈበት ኩባያ ልከውለት ነበር፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችል ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮሪደሩ። ሆስፒታሉ አልጋ ሲያጣ፣ ተረካቢ ነርስ እስክትገኝ ያመጣነውን ታማሚ ይዘን ኮሪደር ላይ እንቆማለን፤ መንደሩም ያለ አምቡላንስ ይቀራል። ድሮ ለዚህ መላ ነበረን። ሁለት ቡድን ከተገጣጠመ አንደኛው የሁለቱንም ታማሚ ይይዝና ሌላው ወደ መንደሩ ይመለሳል። ኒል «ሂጂ ባክሽ፣ ለሁለት አዛውንት የሚበቃ ቀልድ አላጣም» እያለ ያባርረኝ ነበር። እርስዎ ግን ኃላፊነት እንዳይደበላለቅ ተጨንቀው፣ ማንኛውም ቡድን ከራሱ ታማሚ ንቅንቅ እንዳይል በሰርኩላር ከለከሉ። ከእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ጋር ማን ይከራከራል!

ሦስተኛውን እንደ ሁለቱ ባጭር ነጥብ ላስቀምጠው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ዳሌያቸው የተሰበረ ማዳም ሺያሶን የሚባሉ እናት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ በሬዲዮ የደረት ሕመም ጥሪ መጣ። አድራሻው የኒል ቤት ነበር። አጠገቤ የቆመው የሌላ መንደር ባልደረባችን ጊልስ፣ የእሱ ታማሚ ወንበር ላይ ስለነበሩ ባዶ ቃሬዛውን ወደ እኔ ገፋና «እሳቸውን ለእኔ ተያቸው፣ ይህን ይዘሽ ሩጪ!» አለኝ። ማዳም ሺያሶንም «ልጄ፣ በዚህ ዳሌ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? ሂጂ እንጂ!» አሉኝ። ተረኛ ኃላፊዎን በሬዲዮ ለመንኩት። «የጎረቤት አውራጃ መኪና ተመድቧል። ሰርኩላሩን ታውቂዋለሽ፤ ባለሽበት ቆዪ» አለኝ።

ኒል የጥሪ ማዕከሏን ሴት «ኦዴት ናት የምትመጣው? ቀስ ብለሽ ንጂ በሏት፣ ድልድዩ ያንሸራትታል» ብሏት ስልኩን ዘግቷል። ከዚያ እኛ ብቻ የምንሠራውን ስህተት ሠራ። ደረቱን ላመመው ሁሉ «ቁጭ በል፣ ምንም እንዳትነካ» ሲል የኖረ ሰው፣ በራሱ ሲደርስ ያሰበው ለተሸካሚዎቹ ነበር። ውሻውን ጓዳ ዘጋበት። ቃሬዛው እንዲዞር ብሎ በዚያ ወገቡ ሶፋውን ገፋ። ከዚያም አካፋ ይዞ ወጣና ደረጃውን እስከ መንገዱ ድረስ ጠረገ፤ ጨውም በተነበት። ቃሬዛው በክንድ እንደሚነሳ ያውቅ ነበራ!

የጎረቤት አውራጃ ልጆች ሲደርሱ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አካፋውን ጉልበቱ ላይ እንዳጋደመ ተቀምጦ አገኙት። ልቡ ቆሞ ነበር። እየታገሉለት አመጡትና በዚያው ኮሪደር፣ በፊቴ አሳለፉት። እኔ ማዳም ሺያሶንን ይዤ ገና ተረካቢ እጠብቃለሁ። ለኒል አልጋ ወዲያው ተገኘለት፤ የሚጠቅመው ግን አልነበረም። ማዳም ሺያሶን እጄን ይዘው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። እንደታዘዝኩት ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

ክቡር ሆይ፣ ሐዘኔ ገና አልወጣልኝም፤ ቢሆንም ልመናዬ አጭር ነው። ሰርኩላሩን ያንሱልን። ኮሪደሩ ላይ ታማሚ የምትረከብ አንዲት ነርስ ያስመድቡልን። ቃሬዛውንም ይግዙልን። በየመንደሩ ወገባቸው የተቀጨ የሥራ ጓደኞቻችን አሉ፤ ሲታመሙ አካፋ እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ እኔም አነሣ ነበር።

የኮሪደሩን ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ በቃሏ የምታውቀው፣ በትእዛዝዎ የቆመችና እስካሁንም የቆመች ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ኦዴት ላንድሪ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የአገልግሎቱ ወርኃዊ ዜና መጽሔት፣ ታማሚን ከቤት አውጥቶ መኪና ላይ በመጫን የዚህ ክረምት ፈጣኑ ብሎ ያመሰገነው ጥሪ የኒል ነው። የፈጠነው ኒል ደረጃውን ጠርጎ የጎረቤት አውራጃ ልጆችን መንገድ ዳር ስለጠበቃቸው ነው። ለዚህም ኩባያ ሊልኩለት ካሰቡ፣ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ሲመጡ ግን ይጠንቀቁ፤ መንገዱ በረዶ ነው፣ የሚጠርግልን ሰው ሞቶብናል።